የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ የፊት ጥርሶችን ያጣብባልን?

መግቢያ

ባለፈው የትምህርት ዓመት መጨረሻ ላይ አንድ የክፍል ጓደኛችን በታችኛው መንጋጭላው በግራ በኩል የነበረውን የመጨረሻ መንጋጋ ጥርስ አስነቀለ። ጥርሱ አላመመውም፤ ድዱም አላበጠም፤ ጥርሱም አልተበላም። እንዲያስነቅል የተመከረበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ይኸውም የታችኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ መደራረብ ስለ ጀመሩ «ከኋላ የሚገፋቸው ይህ ነው፤ ካልወጣ እየባሰባቸው ይሄዳል» የሚል ነው። ከተነቀለ በኋላ የታችኛው ከንፈሩ እኩሌታ ለብዙ ሳምንታት ደንዝዞ ቆየ፤ ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከንፈሩን መንካቱን በዐይኑ ካላየ በቀር አያውቅም ነበር። አሁን የቀኙ ጥርስ ቀርቶታል። «ይህንንስ ላስነቅለው ወይስ ልተወው?» ብሎ አንድ ማታ ጠየቀን።

በዚያ ማታ ከነበርነው መካከል ግማሾቹ አስነቅለው፥ ግማሾቹ ተወው አሉት። እኛም አስነቅለው ካሉት ወገን ነበርን። ሁሉም በእርግጠኝነት ተናገረ፤ ለተናገረው ነገር ግን ማስረጃ ያቀረበ አንድም ሰው አልነበረም። ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን ይህ ነው። የመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ብቅ የሚለው በአብዛኛው ከ17 እስከ 25 ዓመት ባለው ዕድሜ ስለ ሆነ፥ ጥያቄው በዚህ ኮሌጅ የሚማረውን ተማሪ ሁሉ የሚነካ ነው።

ጽሑፋችን ሒስ ነው እንጂ አዲስ ግኝት አይደለም። ሌሎች የለኩትንና የጻፉትን ተመልክተን፥ ከለኩት ነገር ላይ የደረሱበት ፍርድ ይገባል ወይስ አይገባም የሚለውን ብቻ እንመረምራለን። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ እንዲልልን እናሳስባለን።

አሳቡ ከምን ተነሣ?

አንድ ጎልማሳ ሰው ሙሉ ጥርስ ቢኖረው 32 ጥርሶች አሉት፤ 16ቱ ከላይ 16ቱ ከታች ናቸው። ከነዚህ ውስጥ በየማዕዘኑ መጨረሻ ላይ የሚበቅሉት አራቱ ሦስተኛ መንጋጋ ጥርሶች ይባላሉ። አውሮፓውያን ሰው አእምሮው ከበሰለ በኋላ የሚመጡ ናቸው ሲሉ «የጥበብ ጥርስ» የሚል ስም አውጥተውላቸዋል። እኛ በዚህ ጽሑፍ «የኋለኛው መንጋጋ» እያልን እንጠራቸዋለን።

የኋለኛው መንጋጋ የሚመጣው ሌሎቹ ጥርሶች ሁሉ ቦታቸውን ከያዙ በኋላ ነው። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ቦታ ያጣል። በተለይ በታችኛው መንጋጭላ ግማሽ ወጥቶ ይቀራል፤ ወይም ከነጭራሹ በአጥንት ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በራጅ ሲታይ ወደ ፊት ዘምበል ብሎ በትከሻው በር እንደሚገፋ ሰው ጎረቤቱን ተደግፎ ይገኛል። በዚያው ዕድሜ፥ ማለት በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ መጀመሪያ፥ ቀድሞ ቀጥ ብለው የነበሩ የታችኛው የፊት ጥርሶች መጣበብና መደራረብ ይጀምራሉ። ሁለቱን ነገሮች አንድ ላይ ያየ ሰው አንዱን ለሌላው ምክንያት ቢያደርገው የሚያስደንቅ አይደለም።

እኛ ራሳችን አሳቡን በቀላሉ የተቀበልነው በሌላ ሥዕል ምክንያት ነው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ስድስት ሆነን እንቀመጥ ነበር። ዘግይቶ የመጣ ተማሪ ከዳር ገፋ ገፋ አድርጎ ሲቀመጥ፥ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ወይ ይነሣል ወይ ጎረቤቱ ጭን ላይ ይወጣል። ጥርሶችም በአንድ ረድፍ የተሰለፉ ስለ ሆኑ፥ ከኋላ የመጣው ቢገፋ ከፊት ያለው ይደራረባል ብሎ ማሰብ ምንም ችግር የለውም። ሥዕሉ ቀላል መሆኑ ግን እውነት መሆኑን አያሳይም። ዶሮ በጮኸ ቁጥር ይነጋል፤ ሌሊቱን ያነጋው ግን ዶሮው አይደለም። ሁለት ነገሮች በአንድ ዘመን ስለ መጡ አንዱ ሌላውን አመጣው ለማለት አይቻልም።

አሳቡ በተራ ሰው ዘንድ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ላስኪን የተባሉት አሜሪካዊ ሊቅ በ1971 ባወጡት ጽሑፍ ከ600 የሚበልጡ ጥርስ አቃኚ ሐኪሞችንና 700 ያህል የአፍ ቀዶ ጥገና ሐኪሞችን ጠይቀው ነበር። ከመቶው 65 የሚሆኑት የኋለኛው መንጋጋ አንዳንድ ጊዜ የታችኛውን የፊት ጥርሶች ያጣብባል የሚል አስተያየት ሰጡ። ይህ ቁጥር ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ሲቆጠር እናያለን። ነገር ግን ቁጥሩ የሚነግረን ሐኪሞቹ ምን ያምኑ እንደ ነበር ነው እንጂ ጥርሶቹ ምን እንደሚያደርጉ አይደለም። የአንድ ነገር እውነትነት በድምፅ ብልጫ የሚወሰን ቢሆን ኖሮ መለኪያ ባላስፈለገም ነበር።

አሳቡን የሚደግፉ ጥናቶች

«ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ» እንደሚባለው፥ ከአስተያየቱ ወደ ልኬቱ እንሂድ። አንዳንድ ሰው ሲፈጠርም የኋለኛው መንጋጋ የለውም። በ2015 የልዩ ልዩ አገሮችን ጥናቶች ሰብስቦ የታተመ ምርመራ እንደሚያሳየው፥ በዓለም ከመቶ ሰው ውስጥ 22 የሚሆኑት ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ይጎድላቸዋል። እንግዲህ ተፈጥሮ ራስዋ ያላቸውንና የሌላቸውን ለይታ ለተመራማሪ አቅርባለታለች ማለት ነው።

በዚህ ዕድል ከተጠቀሙት መካከል ቤርግስትሮምና ዬንሰን ይገኛሉ። እነዚህ ሰዎች በ1961 በታተመው ጥናታቸው 60 የጥርስ ሕክምና ተማሪዎችን መረመሩ። የመረጧቸው የኋለኛው መንጋጋ በአንድ ወገን ያላቸውን በሌላው ወገን የሌላቸውን ነው። የጥርሳቸውን ቅርጽ በጀሶ ቀድተው ሲለኩ፥ ጥርሱ ባለበት ወገን ያለው መጣበብ ከሌለበት ወገን በልጦ ተገኘ። የጥናቱ ብርታት አንዱን ሰው ከራሱ ጋር ማወዳደሩ ነው፤ የዘር፥ የምግብና የዕድሜ ልዩነት በዚህ መንገድ ይወገዳል። ጉድለቱ ደግሞ የተለካው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። መጣበቡ የኋለኛው መንጋጋ ከመምጣቱ በፊት የነበረ ይሁን በኋላ የመጣ፥ አንድ ጊዜ ብቻ በተቀዳ ጀሶ ሊታወቅ አይችልም።

ቬጎ በ1962 ይህን ጉድለት ለማረም ሞከሩ። የኋለኛው መንጋጋ ያላቸውን 40 ሰዎችና የሌላቸውን 25 ሰዎች ወስደው፥ እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ፥ ማለት በ13 ዓመት ገደማና በ19 ዓመት ገደማ ለኩ። በሁለቱም ጭፍሮች ውስጥ የጥርሱ ረድፍ አጠረ። ጥርሱ ባላቸው ግን ማጠሩ በአማካይ 0.8 ሚሊሜትር ያህል በለጠ። እዚህ ላይ አንባቢ ሁለት ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። አንደኛ፥ የኋለኛው መንጋጋ በጭራሽ የሌላቸው ሰዎችም ረድፋቸው አጥሮባቸዋል፤ እንግዲህ ገፊ ሳይኖር የሚያጣብብ ሌላ ነገር አለ። ሁለተኛ፥ በሁለቱ ጭፍሮች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ያነሰ ነው።

ከዚህም ሌላ አንድ መሠረታዊ ጥርጣሬ አለ። ጋርንና ባልደረቦቹ በ1963 እንዳሳዩት፥ የኋለኛው መንጋጋ የሌላቸው ሰዎች የቀሩት ጥርሶቻቸውም በመጠን አነስ ያሉ ይሆናሉ። ትንንሽ ጥርስ ያለው ሰው ጥርሱ ቢጣበብበት እንኳ ጥቂት ነው፤ ምክንያቱም የኋለኛው መንጋጋ መጥፋት ሳይሆን የጥርሶቹ ማነስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቬጎ ያገኙት ልዩነት ከመገፋት የመጣ ነው ብሎ ለመፍረድ አያስደፍርም። ቬጎ ራሳቸው መጣበብ ብዙ ምክንያት አለው ብለዋል፤ ቁጥራቸውን የሚጠቅሱት ሰዎች ግን ይህን ቃላቸውን አብዛኛውን ጊዜ ይዘሉታል።

ከደጋፊዎቹ ሁሉ ጠንካራው የስዊድን ተመራማሪዎች የሊንድክቪስትና የቲላንደር ጥናት ነው ብለን እናምናለን። በ1982 በታተመው በዚህ ጥናት ውስጥ የተመረመሩት 52 ወጣቶች በሁለቱም ወገን የተቀበረ የኋለኛ መንጋጋ የነበራቸው ናቸው። ሐኪሞቹ የአንዱን ወገን ነቅለው የሌላውን ተዉት፤ ከዚያም ቢያንስ ሦስት ዓመት ተከታተሉ። ከመቶው 70 በሚሆኑት ላይ የተነቀለበት ወገን ካልተነቀለበት የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ይህ በቀላሉ የሚጣል ውጤት አይደለም። ነገር ግን ተመራማሪዎቹ ራሳቸው እንዳመኑት፥ የትኛው ሰው በመነቀሉ እንደሚጠቀም የትኛው እንደማይጠቀም አስቀድሞ ለማወቅ አልተቻለም። በራጅም በጀሶም ምልክት አላገኙም። እንግዲህ አንድ ሐኪም ጥናቱን በእጁ ይዞ በፊቱ የተቀመጠውን አንድ ተማሪ «አንተ ትጠቀማለህ» ሊለው አይችልም።

አሳቡን የሚቃወሙ ጥናቶች

በሌላው ወገን በቁጥር የሚበልጡ ጥናቶች ቆመዋል። ካፕላን በ1974 የጥርስ ማቃኛ ሽቦ አድርገው የጨረሱ 75 ሰዎችን በሦስት ከፈሏቸው፤ የኋለኛው መንጋጋቸው ወጥቶ የጨረሰ፥ ተቀብሮ የቀረና ከመጀመሪያው የሌላቸው። ሽቦው ከወጣ በኋላ የፊት ጥርሶቻቸው ተመልሰው በመጣበብ ረገድ በሦስቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። በ1990 በአሜሪካ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ኤዲስና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ሥራ ሠሩ። 97 ሰዎችን ሽቦው ከወጣ ቢያንስ ከ10 ዓመት በኋላ መርምረው፥ ከሦስቱ ጭፍሮች ላይ ጥርሱን ያስነቀሉትን አራተኛ አድርገው ጨመሩ። ልዩነት እንደገና አልተገኘም።

ሳውዛርድና ባልደረቦቹ ደግሞ በ1991 ነገሩን ከሥሩ ያዙት። እነርሱ የጠየቁት ጥርሱ ተጣበበ ወይስ አልተጣበበም ብለው አይደለም፤ ለመሆኑ የተቀበረው ጥርስ ይገፋልን? ብለው ነው። በሁለት ጎረቤት ጥርሶች መካከል ቀጭን የብረት ቅጠል አስገብተው፥ ለማውጣት ምን ያህል ኀይል እንደሚፈልግ ለኩ። ጥርሶቹ ተገፍተው የተጣበቁ ከሆነ ቅጠሉ ተይዞ ያስቸግራል፤ ካልሆነ በቀላሉ ይወጣል። ከዚያ የአንዱን ወገን የተቀበረ ጥርስ ነቅለው እንደገና ለኩ። ጥብቀቱ ቀነሰ፤ የቀነሰው ግን በተነቀለበት ወገን ብቻ ሳይሆን ባልተነቀለበትም እኩል ነው። ተመራማሪዎቹ ለመቀነሱ የሰጡት ምክንያት ሰውዬው ለቀዶ ጥገናው በጀርባው መንጋለሉ ነው። ይህን ያላስተዋለና በአንድ ወገን ብቻ የለካ ሰው ቢሆን ኖሮ፥ «ነቀልነው፥ ግፊቱም ቀነሰ» ብሎ ባወጀ ነበር። አንድ ወገን ሳይነካ ተትቶ እንዲለካ መደረጉ ምን ያህል ከስሕተት እንደሚያድን ለኛ ለተማሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው።

ከሁሉ በላይ የሚጠቀሰው ሃራዲን፥ ፒርሰንና ቶት በእንግሊዝ አገር ሠርተው በ1998 ያሳተሙት ጥናት ነው። 164 ወጣቶች በዕጣ ተከፈሉ፤ ዕጣ የደረሳቸው የኋለኛው መንጋጋቸው ተነቀለ፥ ሌሎቹ ተተዉ። በዕጣ መክፈሉ ዋና ጥቅም አለው፤ ትንሽ ጥርስ ያለውም ትልቅ ጥርስ ያለውም በሁለቱ ወገን ያለ አድልዎ ስለሚበተን፥ ከላይ በቬጎ ጥናት ላይ ያነሣነው ጥርጣሬ ይወገዳል። ከአምስት ዓመት ተኩል ያህል በኋላ የታችኛው የፊት ጥርሶች መዛነፍ ተለካ።

የተለካበት መንገድ ሊትል በ1975 ያወጡት መለኪያ ነው። ከክራንቻ እስከ ክራንቻ ያሉት ስድስት የታች ጥርሶች ጎን ለጎን የሚነካኩባቸው አምስት ቦታዎች አሉ፤ በእያንዳንዱ ቦታ ጥርሶቹ ምን ያህል እንደ ተዛነፉ በሚሊሜትር ተለክቶ ይደመራል። ጥርሳቸው ያልተነቀለላቸው ወጣቶች በአማካይ 1.1 ሚሊሜትር ጨመሩ፤ የተነቀለላቸው ደግሞ ከዚያ በ0.3 ሚሊሜትር ብቻ ያነሰ ጨመሩ። ይህ ልዩነት እንዲያው በአጋጣሚም ሊገኝ የሚችል ነው። ጸሐፊዎቹም መጣበብን ለመከላከል ብሎ የኋለኛውን መንጋጋ መንቀል አግባብ አይደለም ብለው ደመደሙ።

ሒስ በሁለቱም ወገን ላይ

እስከዚህ ያነበበ ሰው ነገሩ አልቋል፥ የኋለኛው መንጋጋ ከክሱ ነጻ ወጥቷል ሊል ይችላል። እንዲህ ያለ ፍርድም በብዙ ጽሑፎች ላይ አይተናል። እኛ ግን የሚነቅሉትን የመረመርንበትን ሚዛን ለማይነቅሉትም መጠቀም ይገባናል ብለን እናምናለን።

የሃራዲን ጥናት 164 ሰዎች ይዞ ጀመረ፤ ለመጨረሻው ልኬት ተመልሰው የመጡት ግን 77 ብቻ ናቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ቀርተዋል። የቀሩት ጥርሳቸው ቀጥ ያለላቸው ይሁኑ የተጣበበባቸው አይታወቅም። ሰው ሲያንስ ደግሞ ልኬቱ ይደበዝዛል። የተገኘው 0.3 ሚሊሜትር እርግጠኛ ቁጥር አይደለም፤ እውነተኛው ውጤት መንቀል በ1.3 ሚሊሜትር ጠቅሟል ከሚለው ጀምሮ በ0.7 ሚሊሜትር ጎድቷል እስከሚለው ድረስ ሊሆን ይችላል። ከዚህም በላይ በዚያው ጥናት ውስጥ ጥርሳቸው የተነቀለላቸው ወጣቶች የጥርስ ረድፋቸው ርዝመት ካልተነቀለላቸው በአንድ ሚሊሜትር ያህል ያነሰ ብቻ እንዳጠረ ተለክቷል። ይህኛው ልዩነት በአጋጣሚ ሊገኝ ከሚችለው የሚበልጥ ነው። ተቃዋሚዎቹ ይህን ቁጥር ሲጠቅሱት ብዙ አናይም።

የካፕላንና የኤዲስ ጥናቶችም የራሳቸው ጉድለት አላቸው። የተመረመሩት ሁሉ ሽቦ ያደረጉ ሰዎች ናቸው። በሽቦ የተቃና ጥርስ በራሱ ወደ ቀድሞ ቦታው የመመለስ ጠባይ አለው። ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በ1988 የወጣ ሌላ ጥናት እንዳሳየው፥ ሽቦው ከወጣ ከ20 ዓመት በኋላ የታችኛው የፊት ጥርሶቹ አቋም አጥጋቢ ሆኖ የተገኘው ከመቶ 10 የሚሆነው ሰው ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ትልቅ መመለስ ባለበት፥ ከኋላ የሚመጣ ትንሽ ግፊት ቢኖር እንኳ በጫጫታ ውስጥ እንደሚነገር ሹክሹክታ ሊጠፋ ይችላል። የቤልፋስቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሪቻርድሰን በ1980ዎቹ በጻፏቸው ጽሑፎች ከኋላ የሚመጣ ግፊት ከብዙ ምክንያቶች እንደ አንዱ መቆጠር አለበት ብለው የተከራከሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ እዚህ ላይ ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ተደባልቀው እንደ ኖሩ እናያለን። አንደኛው «የኋለኛው መንጋጋ የፊት ጥርሶችን ይገፋልን?» የሚለው ነው። ሁለተኛው «የፊት ጥርሶች እንዳይጣበቡ ተብሎ ይነቀልን?» የሚለው ነው። የመጀመሪያው የተፈጥሮ ጥያቄ ነው፤ ሁለተኛው የሥራ ጥያቄ ነው። ነቃዮቹ ለመጀመሪያው ጥያቄ «ምናልባት፥ ጥቂት፥ በአንዳንድ ሰው» የሚል መልስ አግኝተው ለሁለተኛው «አዎን» ይላሉ። ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ ለሁለተኛው «አይገባም» የሚል ትክክለኛ መልስ አግኝተው፥ ለመጀመሪያው «በፍጹም አይገፋም» ብለው ይመልሱታል። ሁለቱም ከማስረጃቸው አልፈው ሄደዋል። ልዩነት አልተገኘም ማለት ልዩነት የለም ማለት አይደለም፤ ልዩነት ሊኖር ይችላል ማለትም ሰውን በጕጠት ለመያዝ አያበቃም።

ታዲያ የሚያጣብበው ምንድር ነው?

ከሳሹን ካሰናበትን ዘንድ ሌላ ተጠርጣሪ ማቅረብ ይገባናል። አንደኛው የታችኛው መንጋጭላ ዘግይቶ ማደጉ ነው። የላይኛው መንጋጭላ ማደጉን ከጨረሰ በኋላ የታችኛው ለጥቂት ጊዜ ወደ ፊት ማደጉን ይቀጥላል። የታችኛው የፊት ጥርሶች ግን ከላይኛዎቹ ጥርሶችና ከከንፈር በስተ ጀርባ ስለሚገኙ አብረው ወደ ፊት መሄድ አይችሉም፤ ወደ ኋላ ዘምበል ይላሉ፥ ወደ ኋላ ዘምበል ሲሉም የሚቆሙበት ቦታ ይጠባል። ይህ የሚሆነው በአሥራዎቹ መጨረሻ ነው፤ ይኸውም የኋለኛው መንጋጋ በሚመጣበት ዕድሜ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ምግብ ስናኝክ የሚፈጠረው ኀይል ነው። መንጋጋ ጥርሶች ጥቂት ወደ ፊት ያዘነበሉ ስለ ሆኑ፥ በተነከሰ ቁጥር ከኀይሉ ከፊሉ ወደ ፊት ይሄዳል።

ሦስተኛው ዕድሜ ራሱ ነው። ቢሻራና ባልደረቦቹ በአሜሪካ በአይዋ ዩኒቨርሲቲ በ1996 ያሳተሙት ጥናት ከ25 እስከ 45 ዓመት ባለው ዕድሜ እንኳ የፊት ጥርሶች መጣበብ እየጨመረ እንደሚሄድ አሳይቷል። በዚያ ዕድሜ የኋለኛው መንጋጋ የሚወጣው ከወጣ፥ የሚነቀለውም ከተነቀለ ብዙ ጊዜው ነው። ወደ አግዳሚ ወንበራችን ብንመለስ፥ ዳር የሚገፋ ማንም ሳይኖር የተቀመጡት ሁሉ እየተጠጋጉ ሄዱ፥ ወንበሩም እያጠረ መጣ እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የፊት ጥርስ መጣበብ በአብዛኛው በሽታ ሳይሆን የሰው አካል ከዕድሜ ጋር የሚያደርገው ለውጥ ነው ማለት ይቻላል።

የመንቀል ዋጋ

ውሳኔውን የሚያከብደው የመንቀል ዋጋ ነው። በታችኛው መንጋጭላ ውስጥ፥ ከኋለኛው መንጋጋ ሥር አጠገብ፥ ለታችኛው ከንፈርና ለአገጭ ስሜት የሚሰጥ ነርቭ ያልፋል፤ በውስጥ በኩል ደግሞ የምላስ ነርቭ ይገኛል። እነዚህ ሲነኩ ከንፈር ወይም ምላስ ይደነዝዛል። አብዛኛውን ጊዜ ተመልሶ ይድናል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ለዘለቄታው ይቀራል። እብጠት፥ ደም መፍሰስና የቁስል መመርቀዝም አሉ። ለተማሪ ደግሞ ገንዘቡና ከትምህርት የሚቀርበት ቀን ቀላል ነገር አይደለም።

በዚህ ምክንያት በ1979 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የተሰበሰቡ ሊቃውንት፥ የታችኛው የፊት ጥርሶች እንዳይጣበቡ ብቻ ብሎ የኋለኛውን መንጋጋ ለመንቀል በቂ ምክንያት እንደሌለ ተስማሙ። በ2000 የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም በሽታ የሌለበትን የተቀበረ የኋለኛ መንጋጋ እንዲሁ በልማድ መንቀል እንዲቀር አዘዘ። ጥናቶችን እያጣራ የሚመዝነው የኮክሬን ማኅበር በ2020 ባወጣው ግምገማ ደግሞ፥ ሕመምም በሽታም የሌለበትን የተቀበረ ጥርስ ስለ መንቀል ወይም ስለ መተው ለመፍረድ ማስረጃው በቂ እንዳልሆነ ገለጸ። ይህ የመጨረሻው ቃል ከሁሉ ይልቅ ትሑትና ትክክለኛ ሆኖ አግኝተነዋል።

ይህን ስንል የኋለኛው መንጋጋ ከቶ አይነቀል ማለታችን እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልን። ድዱ ደጋግሞ የሚመረቅዝበት፥ ጥርሱ የተበላበት፥ ጎረቤቱን ጥርስ የሚያበላሽበት፥ በአጥንት ውስጥ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያለበት ሰው ማስነቀል ሊያስፈልገው ይችላል። እኛ የመረመርነው አንዱን ምክንያት ብቻ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የተመለከትነውን በአጭሩ ብንሰበስበው እንዲህ ይሆናል። የኋለኛው መንጋጋ በአንዳንድ ሰው ላይ ጥቂት ይገፋ እንደ ሆነ ማስረጃው በሩን ፈጽሞ አልዘጋም። ቢገፋ ግን ግፊቱ የሚለካው በአንድ ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በማን ላይ እንደሚገፋም አስቀድሞ የሚያውቅ የለም፤ የኋለኛው መንጋጋ የሌላቸው ሰዎችም ይጣበቡባቸዋል። በአንጻሩ የመንቀል ጕዳት የታወቀ ነው። የማስረዳት ሸክም ያለበት ጤነኛውን አካል ለመቍረጥ የሚፈልገው ወገን ነው እንጂ ጥርሱን ይዞ ለመኖር የሚፈልገው ሰው አይደለም። ስለዚህ የፊት ጥርስ እንዳይጣበብ ብቻ ተብሎ ጤነኛ የኋለኛ መንጋጋ ሊነቀል አይገባውም ብለን እንደመድማለን። በዚያ ማታ የሰጠነውንም ምክር በዚህ ጽሑፍ መልሰን ወስደናል።

አንድ አሳብ ጨምረን እንጨርሳለን። ቤርግስትሮምና ዬንሰን የመረመሩት ሌላ ሰው ሳይሆን ተማሪዎችን ነው። የዚህ ኮሌጅ ተማሪዎችም ሲገቡ አንድ ጊዜ፥ ሲመረቁ አንድ ጊዜ የጥርሳቸው ቅርጽ በጀሶ ቢቀዳ፥ ሽቦ ባልነካው ጥርስ ላይ የተደረገ የሁለት ጊዜ ልኬት ይገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ጀሶ፥ ማስመሪያና ትዕግሥት ነው። መምህራኖቻችን አሳቡን ቢመለከቱልን፥ በጽሑፋችንም ላይ ስሕተት ቢያገኙ ቢያርሙን ደስ ይለናል። ጓደኛችን የቀኙን ጥርስ ለጊዜው ትቶታል፤ አፉን ከፍቶ የመጀመሪያው ተለኪ ለመሆንም ፈቃደኛ መሆኑን ነግሮናል።